ስለ ኮሮና ድካምና ስለ ጆሮው ኤሌክትሪክ

ክቡር አዘጋጅ ሆይ፤

ከዚህ በታች ያለውን አሳቤን በአንባቢዎች ደብዳቤ ዓምድ እንዲያወጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ። ነገሩ ከሰቆጣ ይነሣ እንጂ ደመወዝተኛውን ሁሉ፥ አለቃውንም ምንዝሩንም የሚመለከት ነው። ይኸውም በኮሮና ታመው ከተነሡ በኋላ ድካሙ አልለቅ ስላላቸው ሰዎችና፥ ይህንኑ ድካም ጆሮ ላይ በምትሰካ አንዲት የኤሌክትሪክ መሣሪያ እናስወግዳለን ስለሚባለው አዲስ ሕክምና ነው።

በመሥሪያ ቤታችን የሠራተኛ ጉዳይ በእኔ እጅ ያልፋል። የመግቢያና የመውጫው ፊርማ፥ የፈቃዱ ማመልከቻ፥ የመንፈቁ የሥራ ምዘና ሁሉ ጠረጴዛዬ ላይ ሳያርፍ አይሄድም። ስለዚህ ማን እንደ ቀረ፥ ማን እንደ ዘገየ፥ ማን ከምሳ በኋላ እንዳልተመለሰ ከማንም ይልቅ እኔ አውቃለሁ። ይህን የምለው ለመመካት ሳይሆን፥ ወደ በኋላ ለምናገረው ነገር ምስክርነቴ ከየት እንደ መጣ እንዲታወቅልኝ ነው።

አንዲት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ አለችን፤ ከእኔ በፊት የተቀጠረች ናት። ባለጉዳይ ስሙን ሲናገር ቁጥሩን ሳትጠይቅ ፋይሉ በየትኛው መደርደሪያ እንዳለ የምታውቅ፥ ሰው ሁሉ የሚመርቃት ሠራተኛ ነበረች። በ2013 ዓ.ም. ትኩሳትና ሳል ያዛትና ሁለት ሳምንት ተኛች፤ በጎረቤት የሚቆላው ቡና እንኳ አልሸት ብሏት ነበር። ከዚያም ተነሣች፤ እኛም እሰይ እንኳን እግዚአብሔር ማረሽ አልናት። ነገር ግን መነሣቷ የሙሉ ሰው መነሣት አልሆነም። ጠዋት ደኅና ትመጣለች፤ እስከ አራት ሰዓት ድረስ እንደ ቀድሞዋ ትሠራለች፤ ከዚያ በኋላ ግን የምታነበው መስመር ይጠፋባታል። አቀበቱን ወጥታ ባንክ ደርሳ የተመለሰች እንደ ሆነ ደግሞ በማግስቱና በሠልስቱ ከአልጋ አትወርድም። የቅርብ አለቃዋ ሲጠይቃት ደክሞኛል አለችው። «እኔስ አልደከመኝም? ዛሬ ያልደከመው ማን አለ?» ብሎ መለሰላትና በምዘናው ቅጽ ላይ «የሥራ ተነሣሽነት ይጎድላታል» የሚል ቃል አኖረ።

ይህች እኅታችን አምና አንድ ቀን ወደ እኔ መጥታ «ወንድሜ፥ ለብድርና ቁጠባው ዋስ ሁነኝ» አለችኝ። ለምንድን ነው ብላት፥ ውጭ አገር ያለ ወንድሟ ጆሮ ላይ የሚሰካ፥ በኤሌክትሪክ ነርቭን እያነቃቃ የኮሮናን ድካም የሚያስለቅቅ መሣሪያ መኖሩን እንደ ነገራት፥ ዋጋውን ግን እርሱ ብቻውን እንደማይችለው አስረዳችኝ። ገንዘቡ ሲሰላ የብዙ ወር ደመወዟ ነበር። እኔም እሺም እምቢም ሳልል ስለ ጉዳዩ ማንበብና በሕክምና ሙያ ያሉ ወዳጆቼን መጠየቅ ጀመርሁ። ያገኘሁት እነሆ የሚከተለው ነው።

ከአንጎላችን ግንድ የሚነሣ ቬገስ የሚባል ነርቭ አለ። ስሙ የላቲን ቃል ሲሆን ትርጓሜው ተንከራታች ማለት ነው። በውነትም በአንገታችን በግራና በቀኝ ወርዶ ወደ ልብ፥ ወደ ሳንባ፥ ወደ ጨጓራ፥ ወደ አንጀት ይንከራተታል። የፈጠነውን ልብ የሚያረጋጋ፥ ምግብ ሲገባ ጨጓራን ለሥራው የሚቀሰቅስ እርሱ ነው። ከቅርንጫፎቹም አንዲቱ ብቻ ወደ ውጭው ጆሮ ብቅ ትላለች። አንዳንድ ሰው ጆሮውን በላባ ወይም በክብሪት እንጨት ሲጠርግ ሳል ሳል የሚለው በዚህች ቅርንጫፍ ምክንያት ነው። (በክብሪት እንጨት መጠረጉን ሐኪሞች አጥብቀው እንደሚከለክሉ ልብ ይሏል።)

የዚህ ነርቭ ሥልጣን በልብ ላይ ምን ያህል እንደ ሆነ ኦቶ ሎዊ የተባለው ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1921 በሁለት የእንቁራሪት ልብ አሳይቷል። የአንደኛውን ልብ ነርቭ በኤሌክትሪክ ቢነካው ልቡ ዘገየ፤ ያ ልብ የነበረበትን ውሃ ቀድቶ በሁለተኛው ላይ ቢያደርገው ማንም ያልነካው ሁለተኛው ልብም ዘገየ። ነርቭ በራሱ ቅመም እያመነጨ መልእክት እንደሚያደርስ ከዚህ ታወቀ፤ ሎዊም በ1936 የኖቤልን ሽልማት ከሄንሪ ዴል ጋራ ተካፈለ። ከዚያ ወዲህ ሐኪሞች ይህንን ነርቭ ለሕክምና ሊጠቀሙበት ብዙ ደክመዋል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1997 ዓ.ም. መድኃኒት አልበግረው ላለ የሚጥል በሽታ፥ በ2005 ዓ.ም. ደግሞ ለከባድ የመንፈስ ጭንቀት፥ ደረት ውስጥ ተቀብሮ ሽቦው በአንገት ነርቭ ላይ የሚጠመጠም መሣሪያ ተፈቅዷል። ይህ የቀዶ ሕክምና ሥራ ነው። የጆሮው መሣሪያ ግን ምንም ቢላዋ አይፈልግም፤ እንደ ጉትቻ ተሰክቶ እንደ ጉንዳን ቆንጠጥ የሚያደርግ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይሰዳል።

ከድካም ጋራ ያገናኘው ነገር ምንድን ነው ያልን እንደ ሆነ፥ ኬቪን ትሬሲ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጣው ጽሑፍ ቬገስ የሰውነትን ብግነት እንደሚገታ አስረድቶ ነበር። ኮሮና ካለፈ በኋላ የሚደክሙ ሰዎች ከፊሎቹ ብግነት እንደማይለቃቸው፥ ከፊሎቹም ቆመው ሳለ ልባቸው ያለ ልክ እንደሚፈጥን ታይቷል። ስለዚህ ልብንም ብግነትንም የሚያበርደውን ነርቭ ብንቀሰቅሰው ሁለቱም ይበርዱ ይሆናል ተባለ። አሳቡ የተገናዘበ ነው፤ እኔም በመጀመሪያ ሳነበው ልቤ ወዶት ነበር።

ወደ ማስረጃው ስንመጣ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በአሜሪካ በደቡብ ካሮላይና እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመው ሙከራ የተደረገው በ13 ሰዎች ላይ ነው። ሌላው በ2024 የወጣው ደግሞ በ24 ሴቶች ላይ ነው። እንደ እነዚህ ያሉት ጥናቶች ጥቂት መሻሻል ታየ ይላሉ፤ አጥኚዎቹ ራሳቸውም ሥራቸውን የመነሻ ሙከራ ነው ብለው ጽፈዋል እንጂ መድኃኒቱ ተገኘ አላሉም። አሥራ ሦስት ሰው ማለት በእኛ መሥሪያ ቤት ለሻይ የሚወጣው ሰው ቁጥር ነው። ከዚያ ውስጥ ሦስቱ ተሻለን ቢሉ ሦስቱ ደግሞ ምንም አልል አለን ቢሉ ከዚህ ምን ፍርድ ይሰጣል?

ደግሞም የኮሮና ድካም ጠባዩ አታላይ ነው። አንድ ወር ይጠናል፥ አንድ ወር ይላላል። ሰው ደግሞ ገንዘቡን አውጥቶ መሣሪያ የሚገዛው በጠናበት ወር ነው፤ በላላበት ወርማ ማን ይገዛል? እንግዲህ ድካሙ በራሱ ጊዜ በሚቀጥለው ወር ቢላላ ምስጋናውን የሚወስደው መሣሪያው ይሆናል። ሐኪሞች ይህን ስለሚያውቁ ለግማሹ ሕመምተኛ እውነተኛውን፥ ለግማሹ ደግሞ ለማስመሰል ብቻ የተሠራውን ይሰኩለትና የሁለቱን ወገን ያስተያያሉ። በአሜሪካ መንግሥት ገንዘብ የተደረገ፥ በ2025 ውጤቱ የታተመ አንድ ትልቅ ሙከራ ከ300 በላይ በሆኑ የኮሮና ሕመምተኞች ላይ የአእምሮ ልምምድንና በራስ ቅል ላይ የሚደረግ ትንሽ ኤሌክትሪክን ፈትኖ ነበር። ያ መሣሪያ የሚነካው ጭንቅላትን እንጂ ጆሮን አይደለም፤ የተፈተነውም የአሳብ መደንዘዝን እንጂ ድካምን ለብቻው አልነበረም። ይሁን እንጂ ውጤቱ ለሁላችንም ትምህርት ነው፤ እውነተኛውን ያገኙትም የማስመሰያውን ያገኙትም ሁሉም በመጠኑ ተሻላቸው፥ በመካከላቸው ግን ብልጫ አልታየም።

እዚህ ላይ አንድ የቆየ ነገር ብጨምር አንባቢ ይታገሠኛል ብዬ አምናለሁ። በኤሌክትሪክ ነርቭን ነክቶ በሽታን ማባረር ለአገራችን ሰው አዲስ አይደለም። ሂዮብ ሉዶልፍ የተባለው ጀርመናዊ፥ የአማራው ተወላጅ አባ ጎርጎርዮስ ቋንቋና ታሪክ ያስተማሩት ሊቅ፥ እ.ኤ.አ. በ1681 ስለ ኢትዮጵያ በላቲን ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ስለ አንድ የሚያደነዝዝ ዓሣ ጽፏል። በሁለትና በሦስት ቀን የሚመላለስ ንዳድ የያዘውን ሰው በገበታ ላይ ጠፍረው ካሰሩት በኋላ ዓሣውን በመገጣጠሚያው ላይ ያኖሩበት እንደ ነበረ፥ ሥቃዩ እጅግ ጽኑ እንደ ሆነ፥ ከዚያ በኋላ ግን ንዳዱ ዳግመኛ እንደማይመለስ ያወራል። ዓሣው በዓባይ የሚገኘው ኤሌክትሪክ አመንጪ አምባዛ መሆን አለበት። ንዳድ ግን ያለ ዓሣም ጥቂት ጊዜ ይተዋል፤ ደግሞስ ቢመለስበት ተመልሶብኛል ብሎ የሚናገር ሕመምተኛ ማን ነው? ሁለተኛ ይታሰራላ!

ይህን ሁሉ መዝኜ ለእኅታችን ዋስ አልሆንሁላትም፤ ምክንያቱን ግን ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ ነገርኋት። የጆሮው መሣሪያ ከንቱ ነው አላልኋትም፤ ወደ ፊት በብዙ ሰው ላይ ተፈትኖ ይጠቅማል ይባል ይሆናል፥ ያን ጊዜም ዋጋው ይረክሳል፤ ዛሬ ግን ለልጆችሽ ትምህርት የሚሆነውን ገንዘብ የምትጥዪበት ነገር አይደለም አልኋት። ሰምታኝ ስታበቃ የመለሰችልኝ ቃል ይህንን ደብዳቤ አስጻፈኝ። «እኔም እኮ አውቄዋለሁ» አለች፤ «ነገር ግን ጆሮዬ ላይ ሽቦ ቢያዩ ታማለች ይሉ ነበር።»

እንግዲህ መሣሪያው ያስፈለገው ለድካሙ ብቻ አልነበረም፤ የምስክር ወረቀትም እንዲሆናት ነው። ቁስል የሌለው፥ ትኩሳት የሌለው፥ በራጅ የማይታይ ሕመም በመሥሪያ ቤቶቻችን ዘንድ ስሙ ስንፍና ነው። እጁ የተሰበረ ሰው በፋሻ አንጠልጥሎ ቢመጣ ወንበር እንስብለታለን። ሰውነቱ የዛለበት ሰው ግን ወንበሩ ላይ መቀመጡ ራሱ ወንጀል ይሆንበታል።

የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በጥቅምት ወር 2021 ይህንን ሕመም በጽሑፍ ወስኖ አውጥቶታል። በሽታው ከያዘ ከሦስት ወር በኋላ የሚታይ፥ ቢያንስ ለሁለት ወር የሚቆይ፥ በሌላ በሽታ የማይገለጥ ምልክት ነው፤ ከምልክቶቹም ድካም፥ የትንፋሽ ማጠርና የአሳብ መደንዘዝ ዋነኞቹ ናቸው። ድርጅቱ ኮሮና ከያዘው ሰው ከ100 ወደ 6 የሚሆነው ይህ እንደሚደርስበት ይገምታል። በአገራችን መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው ሕመምተኛ ከታወቀ ወዲህ በምርመራ ተረጋግጦ የተመዘገበው ሰው ወደ 500 ሺሕ ይጠጋል፤ ከ7 ሺሕ 500 በላይም ሞተዋል። የዓለሙን ግምት በተመዘገቡት ላይ ብናሰላው ወደ 30 ሺሕ ሰው ይመጣል። ያልተመረመረው ደግሞ ከተመረመረው እጅግ እንደሚበልጥ ማንም አይስተውም። ይህ ሁሉ ሰው ዛሬ የት ነው ያለው? የሚበዛው በእርሻው፥ በገበያው፥ በየመሥሪያ ቤቱ ወንበር ላይ ነው፤ ከፊሉም ሰነፍ እየተባለ።

አለቆች «ኮሮና እንደ ያዘሽ የምርመራ ወረቀት አምጪ» ይላሉ። ይህ ጥያቄ በዋግ ኽምራ ሲጠየቅ ይገርመኛል። በ2013ና በ2014 ዓ.ም. በዚህ አገር ጦርነት ነበረ። ጤና ጣቢያዎች ተዘረፉ፤ ከአበርገሌና ከፃግብጂ የተፈናቀለው ሕዝብ ሰቆጣ ላይ ተጠግቶ ነበረ፤ መብራቱም ስልኩም ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ነበረ። በዚያን ጊዜ በትኩሳት የተኛ ሰው ከወዴት መርማሪ አግኝቶ ከወዴት ወረቀት ይቀበላል? የዓለም የጤና ድርጅት ውሳኔ ግን በምርመራ የተረጋገጠውን ብቻ ሳይሆን በምልክቱ ኮሮና ነው ተብሎ የሚገመተውንም ይቀበላል። ጄኔቭ ያለ ድርጅት ያልጠየቀውን ወረቀት የሰቆጣ መሥሪያ ቤት መጠየቁ ምን ይባላል?

በሌላ በኩል ደግሞ የደከመው ሁሉ የኮሮና ሕመምተኛ ነው ብል እዋሻለሁ። የዋግ ሰው የሚደክምበት ምክንያት ብዙ ነው። በተከዜ ሸለቆ ወባ አለ፤ ደም ማነስ አለ፤ የሳንባ ነቀርሳ አለ። በ2007 ዓ.ም. የሕፃናትን መቀንጨር ለማጥፋት መንግሥት ያወጀው ቃል ኪዳን በሰቆጣ ስም መጠራቱ ረኀብ እዚህ ምን ያህል ሥር እንደ ሰደደ ያስረዳል። ልጁን በጦርነት ያጣ ወላጅ ሌሊት እንቅልፍ የለውም፤ ቀን ደግሞ ይደክመዋል። ስለዚህ ሐኪም አስቀድሞ እነዚህን አንድ በአንድ መርምሮ ማውጣት አለበት፤ የሚድነው ነገር ኮሮና እየተባለ ሳይታከም እንዳይቀር ማለቴ ነው። ለዚህ ደግሞ ብዙ መሣሪያ አያሻም፤ የደም መጠን፥ የወባና የአክታ ምርመራ፥ የስኳር መለኪያ ናቸው። ሕመምተኛውን አስተኝቶ የልቡን ምት መቁጠር፥ ከዚያ አሥር ደቂቃ አቁሞ እየደጋገሙ መቁጠር ይቻላል፤ በቆመ ጊዜ ምቱ በደቂቃ በ30 ወይም ከዚያ በላይ ጨምሮ ከቀጠለ፥ ልብንና የደም ሥርን የሚያስተዳድሩት ነርቮች ሥርዓታቸው እንደ ተናጋ ሐኪሙ ይጠረጥራል። የሚያስፈልገው ባለ ሰከንድ ሰዓት ብቻ ነው። እንዲህ ላለው ሰው ሐኪሞች ውሃና ጨው እንዲጨምር ያዝዛሉ፤ የደም ግፊት ያለበት ግን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይሞክረው። (የአሞሌ ነጋዴ ሲመላለስባት የኖረችው ሰቆጣ ጨው መድኃኒት ሲሆን ብትሰማ የሚገርማት አይመስለኝም።)

ከተላላፊ በሽታ በኋላ ድካም መቅረቱም ከኮሮና ጋራ የመጣ አዲስ ነገር አይደለም። በአውስትራሊያ ዳቦ በምትባል የገጠር ከተማ ሐኪሞች በሦስት ዓይነት ተላላፊ በሽታ የታመሙ 253 ሰዎችን ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት፥ ከስድስት ወር በኋላ ከመቶ 12ቱ ገና ከድካም እንዳልወጡ አገኙ። ድካሙን አስቀድሞ የሚያመለክተውም የበሽታው ክብደት እንጂ የሰውየው ጠባይ ወይም የቀድሞ የመንፈስ ሁኔታ እንዳልሆነ አረጋገጡ። አያቶቻችን በኅዳር 1911 ዓ.ም. የገባውን ያንን ክፉ ጉንፋን፥ አልጋ ወራሹን ራስ ተፈሪን እንኳ ሳይምር የጣለውን፥ የኅዳር በሽታ ብለው ሰይመው ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ እያቃጠልን እንድናስበው አድርገዋል። የሞቱትን ቈጠሩ፤ ተርፈው ሲደክሙ የኖሩትን ግን የቈጠረ የለም። እኛም በኮሮና ያንኑ እየደገምን ነው።

ዳቦ ትንሽ ከተማ ናት፤ ሰቆጣም ትንሽ ከተማ ናት። ስለዚህ አንድ ነገር አሳስባለሁ። የጎንደር የሕክምና ትምህርት ቤት በ1947 ዓ.ም. ሲመሠረት በደምቢያ ወባ ብዙ ሕዝብ ከፈጀ በኋላ፥ የጤና መኮንኖችን በሽታው ወዳለበት ገጠር ለመላክ ታስቦ ነበር። ዛሬም ከዩኒቨርሲቲው ወይም ከባሕር ዳር ጥቂት ሐኪሞች ከሰቆጣው ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል ጋራ ተባብረው በዋግ ኽምራ ከትኩሳት በኋላ የደከሙትን ሰዎች ቢመዘግቡና ለአንድ ዓመት ቢከታተሉ ወጪው ቀላል ነው። የጆሮው መሣሪያም ቢሆን የሚፈተን ከሆነ በኢትዮጵያውያን ላይ፥ በሕክምና ሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ፥ የማስመሰያው ወገን ተለይቶ፥ ለሕመምተኛው በነጻ እየተሰጠ ይፈተን። በዋስ በተበደሩት ገንዘብ የሚደረግ ሙከራ ግን ሙከራ አይባልም።

ወደ መሥሪያ ቤቶች ልመለስ። አንዳንድ አለቃ «ለእንዲህ ያለው ሕመም በር ከከፈትን ሰነፉ ሁሉ ይገባበታል» ይላል። ለዚህ መልሱ በእኔ የፊርማ መዝገብ ውስጥ አለ። ሰነፍ የሚቀረው ሰኞና ዓርብ፥ በገበያ ቀንና በበዓል ዋዜማ ነው፤ የሩብ ዓመት ሪፖርት በሚሠራበት ሳምንት ደግሞ አይታይም። እኅታችን ግን በሪፖርቱ ሳምንት አንድም ቀን አትቀርም፤ የምትቀረው ሪፖርቱ ተሠርቶ ከተሰጠ በኋላ ባሉት ሁለት ቀኖች ነው። የዚህ ሕመም ልዩ ምልክቱም ይኸው ነው፤ ሰውየው ሲሠራ ደኅና ይመስላል፥ ዋጋውን የሚከፍለው ግን በማግስቱ ወይም በሠልስቱ ነው። መዝገቡን ለአለቃዋ ከፍቼ ባሳየሁት ጊዜ ብዙ አልተከራከረኝም፤ ዝም ብሎ ገጾቹን ወደ ኋላ ይገልጥ ነበር።

ሐኪሞችም በዚህ ነገር አሳባቸውን አሻሽለዋል። ቀድሞ የደከመውን ሰው በየሳምንቱ እንቅስቃሴውን ጨምር ይሉት ነበር። በእንግሊዝ አገር የሕክምና መመሪያ የሚያወጣው ናይስ የተባለው ተቋም ግን እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ፥ ለረጅሙ የድካም በሽታ እንዲህ ያለውን በግድ እየጨመሩ የማለማመድ ሕክምና ከልክሎ፥ አቅምን መጥኖ መሥራትን መክሯል። አቅምን መጥኖ መሥራት ማለት ሥራ መተው አይደለም። ሸክሙን ለተላላኪው መስጠት፥ ከባዱን የአሳብ ሥራ በጠዋቱ ሰዓት ማድረግ፥ በየመካከሉ ሩብ ሰዓት ማረፍ፥ የከባድ ሥራ ቀንን ከሌላ የከባድ ሥራ ቀን ጋራ አለማያያዝ ማለት ነው። በእኛ መሥሪያ ቤት ከግንቦት ወር ጀምሮ ለእኅታችን እንዲህ ተደረገላት። ሙሉ ጤና አገኘች አልልም፤ ዛሬም አቀበት ከወጣች ትተኛለች። ነገር ግን የቀረችበት ቀን ከአምናው ቀንሷል፥ ባለጉዳዩም ፋይሉን በጠዋት ያገኛል።

ሕጉ ሐኪም ያዘዘውን የሕመም ፈቃድ አይከለክልም። ችግሩ ፈቃዱ ሙሉ ቀን መተኛትን የሚያውቅ እንጂ አራት ሰዓት ሠርቶ ሁለት ሰዓት ማረፍን የሚያውቅ አለመሆኑ ነው። ሐኪሙ «ለአሥር ቀን ትረፍ» ብሎ ይጽፋል፤ በአሥረኛው ቀን ሰውየው ይመለሳል፥ በአሥራ ሁለተኛው ደግሞ ይወድቃል። «ለሦስት ወር ጠዋት ጠዋት ትሥራ፥ ሸክምና አቀበት ይቅርላት» ብሎ የሚጽፍ ሐኪምና፥ ይህን ተቀብሎ የሚፈጽም አለቃ እንዲኖር የሚመለከተው ክፍል አንድ ገጽ መመሪያ ቢያወጣ መንግሥት የሚያወጣው ገንዘብ የወረቀቱ ዋጋ ነው።

የመንፈቁ ምዘና በታኅሣሥ መጨረሻ ይሞላል። ቅጹ ላይ «የሥራ ተነሣሽነት» የሚል ሣጥን አለ፤ «ሠራተኛው በዚህ መንፈቅ ታሞ ነበርን? ሐኪሙስ ምን አዘዘ?» የሚል ሣጥን ግን የለም። ቅጹን የሚያሳትመው ክፍል ይህንን ደብዳቤ ቢያነብ፥ ከሣጥኑ በላይ ሁለት መስመር ያህል ባዶ ቦታ አለ፤ እዚያ ላይ ሊገባ ይችላል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋራ፤
አንድ የሠራተኛ አስተዳደር ባልደረባ
ከሰቆጣ